አባ ሳይባል

በጉና ተራራ ሥር፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለው ደጋ፣ ብርዱ ሰውን ቶሎ ያስረጀዋል ይባላል። ይሻው ግን ስድሳን አልፎም ሞፈሩን ለማንም አልሰጠም። ገብስና ድንች ያመርታል፤ ጥማድ በሬና አንዲት ላም አለው፤ ከሰንበቴ ቀርቶ አያውቅም። ጎረቤቶቹ ቁጡ ነው ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ቁጡ አይደለም፤ ቃሉን እንደ ርስት የሚጠብቅ ሰው ነው። አንዴ "ይሆናል" ካለ ሰማይ ቢደፋ ይሆናል፤ "አይሆንም" ካለ ደግሞ ሚስቱ እቴነሽ ብታለቅስ፣ ቄስ ቢለምኑት አይሆንም። እቴነሽ በዚህ ጠባዩ ዕድሜ ልኳን ስትስቅበትም ስትቃጠልበትም ኖራለች።

ልጃቸው ባዩ ብርቱካንን ከሐሙሲት አቅራቢያ ካለ መንደር አግብቶ ሲያመጣት ጎጆ የወጡት እዚያው አባቱ ግቢ ውስጥ ነው። በዓመቱ ጽጌ ተወለደች። በዚያ አገር ጎልማሳ በአባቱ ፊት የራሱን ልጅ አያቅፍም፤ አይስምም፤ "ልጄ" ብሎም አይጠራም። ነውር ነው። ለምን ነውር እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው ብታገኙ ለኔም ንገሩኝ። አባቶቻቸው ሲያፍሩ ያዩ ልጆች በተራቸው አፈሩ፤ ወጉ ይኸው ነው።

ባዩ ደግሞ ከሌላውም የባሰ ዓይነ አፋር ነበር። ጽጌ ስታለቅስ አባቱ በአካባቢው ካለ እንዳልሰማ ሆኖ ማጭዱን ይስላል። አባቱ ወደ በረት ዞር ካለ ሮጦ ያነሣታል፤ ይስማታል፤ አንገቷን ያሸታታል። የአባቱን ሳል ከሰማ ግን የሰረቀው ዕቃ እንደተያዘበት ሰው መሬት ላይ ያስቀምጣትና የማያውቃት መስሎ ፊቱን ያዞራል። ብርቱካን ይህን እያየች በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

እንግዲህ ልጅ አፉን የሚፈታው በሰማው ነው። በግቢው ያለው ሁሉ ይሻውን "አባ"፣ እቴነሽን "እማ" ይላል። ጽጌም አፏን ስትፈታ ይሻውን "አባ"፣ እቴነሽን "እማ" አለች። የወለዷትን ሁለቱን ግን እንደ ታላላቅ ወንድምና እህት "ባዩ" እና "ብርቱ" እያለች በስማቸው ትጠራቸው ጀመር። ማንም አልገረመውም። በየጎረቤቱ ያለው የበኩር ልጅ ሁሉ የሚለው እንዲያው ነው።

ደስታው የበዛለት ይሻው ነበር። የገዛ ልጆቹ "አባ" ያሉት በፍርሃት ነው፤ ቆመው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። "አባ፣ በሬው ጠፋ"፤ "አባ፣ ሰው ይፈልግዎታል"። ይህቺ ግን ጢሙን እየጎተተች፣ ጭኑ ላይ እየዘለለች ነው የምትለው። ከእርሻ ደክሞ ሲመጣ ድምጿን ከበሩ ላይ ከሰማ የወገቡ ሕመም ይረሳዋል። ዕድሜውን ሙሉ የተጠራበት ቃል እንደዚህ የሚጣፍጥ መሆኑን ያወቀው በስተርጅናው ነው። የጣፈጠውን ነገር ደግሞ ማን በገዛ እጁ ይሰጣል?

በበጋ፣ የእርሻው ሥራ ጋብ ሲል፣ ባዩ ደብረ ታቦር ወርዶ ድንጋይ ይጠርብ ነበር። ከድንጋይ ማውጫው ካባ የወጣውን ድንጋይ ለኮብልስቶን እያስተካከለ ይውላል፤ ሳምንቱን እዚያው ከርሞ ቅዳሜ ይመለሳል። አብሮት የሚጠርብ አንድ የከተማ ሰው ነበር፤ ምሳውን የምታመጣለት ትንሽ ልጁ ናት። ልጅቱ ገና ከሩቅ "አባዬ" እያለች ትመጣለች። ሰውየውም መዶሻውን ጥሎ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል፣ አቧራ በአቧራ እንደሆነ ያቅፋታል። ባዩም ምሳውን አቁሞ እነሱን ያይ ጀመር። ቅዳሜ ቤቱ ሲደርስ ጽጌ በሩ ላይ ቆማ "ባዩ መጣ" ትላለች፤ በጎቹ መጡ እንደማለት። ብላም ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ለብርቱካን ነገራት።

"እኔንስ አንድ ቀን አባ ብትለኝ ምን አለበት?"

"ለአባትህ ንገራቸዋ።"

"እኔ? በየትኛው አፌ?"

እውነቱን ነው፤ በየትኛው አፉ ይናገራል? ወንድ ልጅ ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ከጎረቤቱ በድንበር ሲጣላም ይልካል። በሕይወት ካለ፣ በአንድ ግቢ ከሚኖር አባቱ ላይ አንዲት ቃል ለመለመን ሽማግሌ የላከ ሰው ግን ባዩ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የላካቸው የቤቱን የነፍስ አባት ቄስ ገብረየሱስን ነበር።

ቄሱ በበዓል ቀን መጡ፤ ጠበል ረጩ፤ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠላቸውን ቀመሱ። ብርቱካን ጓዳ ውስጥ ጆሮዋን አቁማ ቆማለች። ባዩ ወደ ጓሮ ወጥቶ፣ በበዓል ቀን ሥራ የለም፣ ዝም ብሎ አጥሩን ተደግፏል።

"ይሻው፣ ልጅህ ልኮኝ ነው" አሉ ቄሱ።

"የትኛው ልጄ?"

"ባዩ።"

"ባዩ ይኸው ከጓሮ ቆሞ የለም እንዴ? አፍ የለውም?"

"አፍስ አለው። አንተ ፊት ነው የማይከፈትለት። ጽጌ እሱን አባ እንድትለው ይፈልጋል። አንተን ደግሞ ሌላ እንድትልህ።"

ይሻው ዋንጫውን አስቀመጠ። ሊስቅ ነው ሊቆጣ ነው ብለው ሲያዩት ሁለቱንም አላደረገም።

"ሌላ ምን?"

"ከተማ አባባ ይላሉ" አሉ ቄሱ።

"አባባ ሻይ ቤት ደጃፍ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ነው፣ አባቴ። እኔ ገና አራሽ ነኝ።"

"እንግዲያ አያቴ ትበልህ።"

"እሱንማ ያለችኝ ዕለት ጥርሴ ይረግፋል።"

ቄሱ ሳቁ። እቴነሽ ግን አልሳቀችም። ጠላውን እየቀዳች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "እኔስ እለቃለሁ" አለች። "እኔን እማማ ትበለኝ። ያማጠቻት ብርቱካን ናት፤ ምን ይቀርብኛል?"

ይሻው በጎን ገረመማት። ሚስት በሽማግሌ ፊት ቀድማ ስትፈርድ ለወንድ አይጥምም። ብዙ ካሰበ በኋላ የራሱን ፍርድ ሰጠ።

"ስሙኝ፣ አባቴ። የበኩር ልጅ የአያት ድርሻ ነው። እኔም አያቴን አባ እያልሁ ነው ያደግሁት፤ አባቴን በስሙ ነበር የምጠራው፤ አንድም ነገር አልሆነም። ጽጌ የኔ ናት። ሁለተኛው ሲወለድ ግን አባ የባዩ ነው። ማርያም ምስክሬ ናት፣ ሰጥቼዋለሁ። ያን ልጅ ጎረቤት አሳስቶ እኔን አባ ቢያስብለኝ እንኳ አልመልስለትም።"

ቄሱ "መልካም ብለሃል" ብለው መረቁ። ለሁሉም መልካም ፍርድ መሰለ። ባዩ ከአጥሩ ሥር ሰምቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ለብቻው ፈገግ አለ። ግማሽ እንጀራ ከምንም ይሻላል ብሎ ይሆናል።

እቴነሽ ያለችውን በማግስቱ ጀመረች። ጽጌ "እማ" ስትላት "እማሽ ያቻት" እያለች ወደ ብርቱካን ትመራታለች። ልጅቱ መጀመሪያ አኮረፈች፤ ኋላ ለመደች። ከዚያ ወዲህ በግቢው ውስጥ በስሙ የሚጠራ ወላጅ ባዩ ብቻ ሆነ። ጽጌ እናቷን "እማ" ባለች ቁጥር የባዩ እጅ የያዘው ሥራ ላይ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ይሻው ይህን አይቷል። አላየሁም ብሎ አያውቅም። "ሁለተኛው ይደርሳል፤ ምን አስቸኮለው?" እያለ ነገሩን ያልፈው ነበር። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ ይላል ተረቱ። ልጅ ሳለ አባት ምን ያድርግ የሚል ተረት ግን የለንም።

ብርቱካን ሁለተኛውን ስትፀንስ ባዩ ለማንም አልተናገረም፤ ግን ፊቱ ተናገረበት። ከከተማ ሲመለስ በመንገድ ላይ ያፏጫል። እናቱ "ምን አገኘህ?" ስትለው "ምንም" ይላል። ይሻውም ገብቶት፣ በልቡ "ይኸው፣ የሚሰጠውን የሚያውቅ አምላክ" አለ። ያለበትን ዕዳ ያለ ችግር የሚከፍል ሰው ቀለል እንደሚለው ቀለል አለው።

ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሳይጠበቅ ጥሎ በነበረበት ሳምንት፣ ካባው ተናደ። ባዩ ከሥር ድንጋይ እየለየ ነበር። ሲያወጡት ትንፋሹ አልነበረም። የሥራ ጓደኞቹ በቃሬዛ አድርገው ዳገቱን አመጡት። ያ ልጁ ምሳ የምታመጣለት ሰውም አብሮ ተሸክሞ መጣ፤ ከማንም በላይ ያለቀሰው እሱ ነበር። ይሻው አላለቀሰም። ቆሞ የልጁን እግር እያየ "ጫማውን ማን አወለቀው?" እያለ ይጠይቅ ነበር።

በሠልስቱ ዕለት፣ ለቀስተኛው ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ይሻው ጽጌን ጠራትና ፊቱ አቆማት።

"ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ከዛሬ ጀምሮ አባሽ ባዩ ነው። እኔን አባባ በይኝ።"

ልጅቱ አሰበች።

"ባዩ ሲመጣ ነው አባ የምለው?"

ከሴቶቹ አንዷ ማልቀስ ጀምራ አፏን ያዘች።

"አይመጣም" አለ ይሻው። "ቢሆንም አባሽ እሱ ነው። እንዲያ በይው።"

"እሺ አባ።"

"እሺ አባባ በይ።"

"እሺ አባባ።"

ልጅ ምን ያቅተዋል? ሳምንት ሳይሞላ አፏ ለመደው። ይሻው ከእርሻ ሲመለስ ከበሩ ላይ የሚጠብቀው "አባባ መጣ" የሚል ድምፅ ሆነ። እሱ ነው ያዘዛት። እንዲህ ፈጥና ትታዘዘኛለች ብሎ ግን አላሰበም ነበር። በረት ውስጥ ገብቶ፣ ላሟን የሚያይ መስሎ፣ ልቡ እስኪረጋ ይቆማል። ይገባኛል ይላል ለራሱ፤ ይኸም ያንሰኛል ይላል።

ጥቅምት ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ። ይሻው ራሱ ይርጋ አለው፤ በዚህ ቤት እንኳ አንድ ነገር ይርጋ ብሎ። በአርባው ቀን ክርስትና ሲነሣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ያቀፈው እሱ ነበር፤ አያት አያፍርም። በጋቢው ውስጥ ሸጉጦት ይዞራል፤ ገብስ ሲታጨድ ነዶው ሥር ያስተኛዋል፤ እቴነሽ "ልጁን ለእናቱ ስጣት እንጂ፣ አንተ ሰው፣ ጡት አለህ እንዴ?" እያለች ትቀልድበታለች። በዚያ ዓመት ከዚያ ሽማግሌ ፊት ላይ ሳቅ ያየ ሰው ቢኖር ያንን ልጅ እንዳቀፈ ነው ያየው።

ነገሩ የተበላሸው ይርጋ አፉን የፈታ ዕለት ነው። ልጁ ዓመት አልፎት፣ ውርጭ የጣለበት የታኅሣሥ ጠዋት ነበር፤ ይሻው ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ልጁን ጉልበቱ ላይ አቁሞታል። ልጁ ጢሙን ያዘ፤ ዓይን ዓይኑን አየውና "አባ" አለ። ማንም አላስተማረውም። ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ያንኑ ነው፤ ከንፈር ገጥሞ ሲከፈት የሚወጣ ድምፅ ነው። ለይሻው ግን እንዲያ አልነበረም። ልጁን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠውና ተነሥቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርጋ "አባ" ሲል ይሻው ደንቆሮ ይሆናል። "አባባ በል" ይለዋል አንዳንዴ፤ ልጁ "አባ" ይላል። "አባባ።" "አባ።" እጁን ይዘረጋል፤ የሚያነሣው የለም። ያለቅሳል። ይሻውም ለቅሶው ስለማይቻለው ልጁ ሳይነቃ ከቤት መውጣት፣ ምሳውንም እርሻው ላይ መብላት ጀመረ። አመሻሹ ላይ ሲመለስ ልጁ እየዳኸ ከመጣ በሌላው በር ይወጣል። እቴነሽ ገብቷት አንድ ሁለት ጊዜ ልትናገረው ሞከረች። "ባልሁት ቃል ነው ያለሁ" አላት፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል ከአፉ አላወጣችም። ለብርቱካን እንዳትነግራት ደግሞ በማርያም ይዟታል።

የመንደር አፍ ሥራ አይፈታም። "አባቱን የበላ ልጅ ነው ብሎ ጠላው" አሉ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ፣ ብርቱካን ቆማ እንዳለች ሳያዩ፣ ሁለት ሴቶች ይህንኑ ሲያወሩ ሰማች። ዱቄቷን ተሸክማ ቤቷ እስክትደርስ እንባዋ አልቆመም። እሷም ያየችው ይኸንኑ ነው፤ ልጇ እጁን ይዘረጋል፣ አማቷ ይሸሻል። በማኅፀን ሳለ አባቱ የሞተበት ልጅ በዚህ ቤት ገድ የለውም ማለት ነው ብላ ደመደመች። ለአባቷ ቤት መልእክት ላከች፤ መጋቢት ላይ ልጆቿን ይዛ ለመሄድ ቆረጠች።

የምትሄድበት ቀን እቴነሽ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሁለት ጥቅልል ልብስ በሩ ላይ ተቀምጧል። ብርቱካን ግን አማቷን ይሻውን ሳትሰናበት መሄድ አልሆነላትም፤ እንደሰው ወግ ገብታ እንደሰው ወግ መውጣት አለባት። ይርጋን አዝላ፣ ጽጌን በእጇ ይዛ ይሻው ወደሚያርስበት ማሳ ወጣች። ቀትር ነበር። ይሻው በሬዎቹን ሊያሳርፍ ከቀንበር ፈትቷቸው፣ እሱ ሞፈሩ ላይ ተቀምጧል።

"አብዬ፣ ልሰናበትዎ መጥቼ ነው" አለች። ከገባች ጀምሮ የምትለው አብዬ ነው።

"ወዴት?"

"አባቴ ቤት። ልጁ ከተጠላ ምን ላድርግ?"

"ማን ጠላው?"

"አገር ያወራል። እኔም ዓይን አለኝ። እጁን ሲዘረጋልዎ ይሸሹታል። አባቱን የበላ ነው ብለው ከሆነ ይንገሩኝና ልሂድ።"

ይሻው አፈር አፈሩን አየ። ከዚያ በሕይወቱ ለሰው ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ለምራቱ ተናገረ።

"ብርቱካን፣ ቄሱ የመጡ ዕለት ጓዳ ነበርሽ። ሰምተሽኛል። ሁለተኛው የባዩ ነው ብዬ በማርያም ስም ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያዋን ቀማሁት። ኋላ የጽጌን ብመልስለት እሱ የለም፣ ማን ይሰማዋል? ይኸን ሁለተኛውን ደግሞ ከሞተ ሰው ላይ ብወስድ እኔ ምን ሰው ነኝ? ልጄ አንድ ቀን እንኳ አባ ሳይባል ነው አፈር የገባው። በኔ ምክንያት።"

እንባው መጣ። በቀብሩ ቀን ያልመጣው ነው የመጣው። ብርቱካን አማቷ ሲያለቅስ አይታ ስለማታውቅ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረችለት።

"ቅር ብሎት ነበር?" አላት።

ልትዋሸው ትችል ነበር። አልዋሸችውም።

"ብሎት ነበር። ጽጌ እንቅልፍ ሲወስዳት ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር አባ በይኝ ይላት ነበር። ቀስ ብሎ ነው፣ አንቱ እንዳይሰሙ።"

ይሻው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ጽጌ ጓል እያነሣች ትሰብራለች። ብርቱካን ፊቷን ጠረገችና ልጁን ከጀርባዋ ፈታ መሬት አቆመችው።

"አብዬ፣ ልጠይቅዎ። የባዩ መሬት ለማን ነው?"

"ለልጆቹ ነዋ።"

"በሬውስ?"

"ያው ለልጆቹ።"

"እንግዲያ ቃሉም የልጁ ነው። ርስት መቃብር አይገባም። ባዩ የሆነውን ሁሉ ይርጋ ወርሶታል፤ ለማን እንደሚሰጠው የሚያውቀው እሱ ነው። አንቱም ልጁ ሲሰጥዎ ነጠቁ አይባሉም። ልጅ ደግሞ ጠርቶ ጠርቶ የሚመልስለት ካጣ መጥራቱን ይተዋል። ዛሬ ከተወው ነገ ባዩንም አባ የሚልበት አፍ አይኖረውም።"

ይርጋ ግን ክርክር አይሰማም፤ ሽማግሌውን ካየ ጀምሮ ወደዚያው ነበር። በትልሙ መካከል አንድ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ወደቀ፤ ተነሣ። እጁ አፈር በአፈር ሆኖ "አባ" አለ።

"አባባ በል" አለችው ጽጌ፣ እንደ ታላቅነቷ። "አባ ባዩ ነው።"

"ተይው፣ ይበል" አለ ይሻው።

"እኔም ልበል?"

"ካሻሽ በይ።"

ጽጌ የያዘችውን ጓል ጣለችና አሰበች። "እኔስ ለባዩ ሰጥቼዋለሁ" አለች። ተናዳ አይደለም፤ እንዲሁ ነው ያለችው። ይሻውም ራሱን ነቀነቀላት።

ይርጋ ሞፈሩ ዘንድ ደርሶ የሽማግሌውን ጉልበት ያዘ።

"አባ።"

የይሻው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም። ልጁ ቀና ብሎ አየው።

"አባ።"

"አቤት" አለ ይሻው።

ልጁ ደነገጠ። መልስ ለምዶ አያውቅምና ሽማግሌው ላይ አፈጠጠ። ከዚያ እንደገና "አባ" አለ፤ ይሻውም እንደገና "አቤት፣ ልጄ" አለው። ልጁ ሳቀ። ሌላ የሚለው ነገር ስለሌለው ደጋግሞ ጠራው፤ በጠራው ቁጥር ይሻው መለሰለት። ብርቱካን ጥቅልሎቹን ልትፈታ ጽጌን ይዛ ወደ ቤት ወረደች። ሽማግሌውም ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ማሳውን ዳር ዳሩን ይዞር ጀመር። "አባ"፤ "አቤት"። "አባ"፤ "አቤት"። ባዩ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ያላገኘውን እሱ በአንዲት ቀትር እስኪበቃው ሰማ፤ በመለሰ ቁጥር ድምፁ እየሰለለ ሄደ። በመጨረሻ ልጁ ደከመውና አንገቱ ሥር እንቅልፍ ወሰደው።

ይሻው በማሳው ጫፍ ቆመ። ከታች፣ ባዩ የተቀበረበት የቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች ይታያሉ። ባዩ ሲጠሩት፣ ከጓሮም ይሁን ከወንዝ ማዶ፣ ሁለተኛ አስጠርቶ የማያውቅ ልጅ ነበር፤ "አቤት አባ" የሚለው ድምፁ ወዲያው ይመጣል።

"ባዩ" አለ ይሻው፣ የተኛው ልጅ እንዳይነቃ ቀስ ብሎ።

ቆሞም ጠበቀ።